ፊደል የሌለው ድንጋይ፤ ስለ ሶዶ ትክል ድንጋዮች ምልክትና አተረጓጐም

በአገራችን ስለ ጥንታዊ የድንጋይ ሐውልት በተነሣ ቁጥር የብዙዎቻችን ሐሳብ ፈጥኖ ወደ አክሱም ይሄዳል። ይህ የሚያስገርም አይደለም። የአክሱም ሐውልቶች በትልቅነታቸው ዓይን ይስባሉ፤ ከዚህም በላይ የአክሱም ነገሥታት በድንጋይ ላይ በፊደል ያስጻፉት ቃል ስላለ የታሪክ ተማሪ ጥያቄውን ይዞ የሚሄድበት ጽሑፍ አያጣም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ በሶዶ አገር ቲያ ከሚባለው ስፍራ የደረሰ ሰው ሌላ ዓይነት ድንጋይ ያገኛል። በዚያ የቆሙት ትክል ድንጋዮች አንድም ፊደል የለባቸውም። ሆኖም ባዶ አይደሉም፤ ሰይፍ፣ ክብና ሌላም ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጾባቸዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ፊደል የሌለው ድንጋይ የሚናገረው በምን ይታወቃል? ተርጓሚውስ ማን ሊሆን ይገባዋል?

ጥያቄው የምልክት ጨዋታ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ የጠለቀ ነው። ድንጋዮቹ አስቀድሞ ትርጓሜ ተሰጥቷቸዋልና። በአካባቢው «የግራኝ ድንጋይ» ሲባሉ ኖረዋል። ይህ አባባል እውነት ቢሆን ድንጋዮቹን ያቆመው በጦር የመጣ መንገደኛ ነበር ማለት ነው፤ እውነት ካልሆነ ግን ያቆማቸው በዚያው ምድር ይኖር የነበረ፣ የራሱን ሙታን በራሱ ምልክት ያከበረ ሕዝብ ነው። ስለዚህ የአንድ ምልክት አተረጓጐም የአንድን ሕዝብ ታሪክ ሊሰጥም ሊነሣም ይችላል።

ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ ፊደል ያለውን ድንጋይ ከፊደል አልባው ጋር እናስተያያለን፤ ቀጥሎ ከሩቅ አገር የፒክቶችን ድንጋይ፣ ከራሳችን አገር ደግሞ የመጠራንና የኮንሶን ምሳሌ እናመጣለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ስሜን የተጻፈው ድንጋይ

የስሜን ተራሮች ስም በጽሑፍ ከተገኘባቸው ጥንታዊ ምስክሮች አንዱ የነበረው በስሜን ምድር ላይ አይደለም፤ በቀይ ባሕር ዳር፣ በአዱሊስ ወደብ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ንጉሥ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት በሚሰናዳበት ጊዜ፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴና ጸሐፊ አዱሊስ ደርሶ በአንድ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ የተቀረጸውን የግሪክኛ ጽሑፍ ገለበጠ። በጽሑፉ ውስጥ ስሙ ያልተገኘ አንድ የአክሱም ንጉሥ ድል ያደረጋቸውን አገሮች ይዘረዝራል። ከነዚህም መካከል ከወንዝ ማዶ፣ ለመውጣት በሚያስቸግር ተራራ ላይ፣ በረዶና ውርጭ በማይለየው፣ አመዳዩ ሰውን እስከ ጉልበቱ በሚያሰምጥ አገር የሚኖሩ የስሜን ሰዎች ይገኙበታል። ጽሑፉ ወንዙን በዓባይ ስም ቢጠራውም ምሁራን ተከዜ ነው ይላሉ።

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ጊች ሜዳ የወጣና ጅብራው በጠዋት ውርጭ ነጭ ለብሶ ያየ አንባቢ የዚያ ንጉሥ ሠራዊት ምን እንደ ገጠመው ለመገመት አይቸገርም። ለኛ ጉዳይ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። የአዱሊሱ ዙፋን ዛሬ የለም፤ የቀረልን ኮስማስ የገለበጠው ቃል ብቻ ነው። ድንጋዩ ጠፍቶ ቃሉ ተረፈ ማለት ነው። በቲያ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ድንጋዩ ቆሞ ቃሉ ጠፋ።

ከአዱሊስ ጽሑፍ ሌላም ትምህርት ይገኛል። ፊደል ብዙ ነገር ያቆያል፤ የሚያቆየው ግን ያስቀረጸውን ሰው ቃል ነው። የስሜን ሰዎች በዚያ ድንጋይ ላይ የተጠሩት በተሸናፊነት ነው፤ ስለ ራሳቸው የተናገሩት አንድም ቃል የለበትም። ስለዚህ ፊደል ያለው ድንጋይ ሁሉን ይናገራል፣ ፊደል የሌለው ደግሞ ምንም አይናገርም ብለን መጀመር አይገባንም። ሁለቱም በየፊናቸው የሚናገሩት አለ፤ የሚያደምጣቸው ግን ስልቱን ማወቅ አለበት።

2ኛ፤ ድንጋዮቹ ምን ይመስላሉ

ቲያ በሶዶ አገር ከሚገኙት 160 ያህል ጥንታዊ ስፍራዎች አንዱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው በስፍራው 36 ሐውልቶች እንዳሉ፣ ከነዚህም 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው እንደ ሆኑ ገልጿል። ድንጋዮቹ ጠፍጠፍ ተደርገው የተጠረቡ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከሰው ቁመት ብዙ የማይበልጡ ሲሆኑ ጥቂቶቹ ረዣዥሞች ናቸው። አብዛኞቹም በአንድ መስመር ተከታትለው ቆመዋል።

ከምልክቶቹ በይበልጥ ጐልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው። በአንዳንዱ ድንጋይ ላይ አንድ፣ በሌላው ላይ ብዙ ሰይፎች ጐን ለጐን ተቀርጸዋል። ከሰይፉ ጋር ክብ ምልክት ይገኛል፤ ቅርንጫፉን ወደ ላይ የዘረጋ ተክል የሚመስል ምልክትም አለ። የሰው አካል በጥቂት መስመር ብቻ የተመለከተባቸው ድንጋዮችም አይታጡም። እነዚህ ምልክቶች በቲያ ብቻ ተወስነው የቀሩ አይደሉም፤ በሌሎቹ የሶዶ ስፍራዎችም እየተደጋገሙ ይታያሉ። ይህ መደጋገም ለነገራችን እጅግ አስፈላጊ ስለ ሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

ስለነዚህ ድንጋዮች በመጽሐፍ መጻፍ የተጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። የካፑቺን ማኅበር አባል የነበሩት አባ አዛኢስ ከሻምባር ጋር በ1920ዎቹ ዓመታት በደቡብ እየተዘዋወሩ ብዙ ድንጋይ አዩ፤ ሥራቸውም በ1931 በፓሪስ ታተመ። በ1935 የጀርመን የጥናት ጓድ በቲያ በኩል አልፎ ያየውን መዘገበ። ከዚያ በኋላ ፍራንሲስ አንፍሬ የሶዶን ስፍራዎች በሰፊው ቈጠሩ፤ ሮዤ ዡሶም ደግሞ በቲያ ቈፍረው ውጤቱን በ1995 በመጽሐፍ አወጡ።

ከቍፋሮው የተገኘው ዋና ነገር ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክት መሆናቸው ነው። በሥራቸው የሰው ዐፅም ተገኝቷል፤ ዘመኑም በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት አካባቢ እንደ ሆነ ተገምቷል። በሰሜን የዛጔ ነገሥታት በላስታ ዐለት ሲያስፈለፍሉ፣ በደቡብ የሶዶ ምድር ሰዎች ለሙታናቸው ድንጋይ ይጠርቡ ነበር ማለት ነው።

3ኛ፤ «የግራኝ ድንጋይ» የሚለው አባባል

አሁን ወደ አፈ ታሪኩ እንምጣ። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም፣ በተለምዶ ግራኝ አሕመድ የሚባሉት፣ ዐፄ ልብነ ድንግልን በሽምብራ ኩሬ ያሸነፉት በ1529 ነው፤ በወይና ደጋ የሞቱትም በ1543 ነው። የቲያ መቃብሮች ዘመን ከዚህ ቢያንስ በ200 ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ ድንጋዮቹ ኢማሙ ከመወለዳቸው አስቀድሞ ቆመው ነበር።

ሌላም ማስረጃ አለ። የትክል ድንጋይ ልማድ በሶዶ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ወደ ደቡብ እስከ ጌዴኦ ይዘልቃል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ከነትክል ድንጋዮቹ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ2021 የታተመ ጥናት በዚያው አገር ሳካሮ ሶዶ የሚባለውን የትክል ድንጋይ ስፍራ ዘመን ወደ 1ኛው መቶ ዓመት አካባቢ አድርሶታል። ከሳካሮ ሶዶ እስከ ቲያ ከ1,000 ዓመት በላይ አለ። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ልማድ በአንድ ሰው ዘመቻ የመጣ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ አባባሉ ከየት መጣ? በሰሜንም ሆነ በደቡብ የፈረሰ ሕንፃ፣ የተሰነጠቀ ዐለት ወይም ያቆመው የማይታወቅ ድንጋይ ሲገኝ የግራኝ ነው ማለት የተለመደ ነው። የ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነትና ከርሱ ጋር የተያያዘው የሕዝብ መዘዋወር በብዙ ስፍራ ነዋሪውን ለዋውጧል። አዲስ የሰፈረው ሕዝብ ቆሞ ያገኘውን ድንጋይ ማን እንዳቆመው የሚነግረው ሽማግሌ ባያገኝ፣ በአገሩ ሁሉ የታወቀውን ትልቁን ስም ሰጠው። ድንጋዩ ግዙፍ ነበርና ግዙፍ ስም ፈለገ።

እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው ያልተማረ ሰው ብቻ ነው ማለት አይገባም። የጎንደርን ግንብ የፖርቱጋሎች ሥራ ነው ብለው በመጽሐፋቸው ያተሙ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ነበሩ። ነገር ግን ዐፄ ፋሲል የነገሡት በ1632 ነው፤ የኢየሱሳውያንን ሚሲዮናውያን ካገር ያስወጡትና ከተማቸውን በጎንደር የመሠረቱት ከዚያ በኋላ ነው። ገበሬው የቲያን ድንጋይ ለግራኝ፣ መንገደኛው የጎንደርን ግንብ ለፖርቱጋል ሲሰጥ የሁለቱ አስተሳሰብ አንድ ነው፤ የሚያስደንቅ ሥራ ሲታይ ባለቤቱን ከሩቅ መፈለግ።

ይሁን እንጂ አፈ ታሪኩን ውሸት ነው ብለን ብቻ መጣል የለብንም። «የግራኝ ድንጋይ» የሚለው ስም ስለ ድንጋዩ ጠራቢዎች አያስረዳም፤ ነገር ግን ያ ጦርነት በሕዝቡ አእምሮ ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደ ተቀረጸ ያስረዳል። አፈ ታሪክ ከሁሉ በፊት የተናጋሪው ታሪክ ነው። የኛ ሥራ የተናጋሪውን ታሪክ ከጠራቢው ታሪክ ለይቶ ሁለቱንም በየቦታቸው ማኖር ነው።

4ኛ፤ የፒክቶች ድንጋይ

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጉዳይ በሰሜን አውሮፓ ይገኛል። በዛሬው ስኮትላንድ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ፒክቶች የሚባሉ ሕዝብ ይኖሩ ነበር። በሮማውያን ጽሑፍ መጀመሪያ የተጠቀሱት በ297 ነው። ስማቸው እንኳ ጐረቤት ያወጣላቸው ይመስላል፤ በላቲን ቋንቋ «ቀለም የተቀቡ» ማለት ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት ከስኮቶች ጋር በአንድ መንግሥት ተቀላቀሉ፤ ቀስ በቀስም ቋንቋቸው ጠፋ። በቋንቋቸው የተጻፈ አንድም መጽሐፍ አልቀረም። የቀረው በላቲን የተጻፈ የነገሥታት ስም ዝርዝርና ከ200 የሚበልጡ ምልክት ያለባቸው ድንጋዮች ናቸው።

በነዚህ ድንጋዮች ላይ ንስር፣ እባብ፣ ኮርማ፣ ሳልሞን የሚባለው ዓሣና በዓለም ላይ የሌለ አንድ እንስሳ ተቀርጸዋል። ከነርሱም ጋር መስታወትና ማበጠሪያ፣ የተሰበረ በትር ያቋረጠው ግማሽ ጨረቃ፣ በመስመር የተያያዙ ሁለት ክቦች ይገኛሉ። ምልክቶቹ እንደ ፈቀደ የተበተኑ አይደሉም፤ ቍጥራቸው የተወሰነ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገኛሉ።

የስኮትላንድ ገበሬም ለነዚህ ድንጋዮች የራሱን ትርጓሜ ሰጥቷል። ሜግል በሚባል መንደር የሚገኝ አንድ ድንጋይ በአንበሶች መካከል የቆመ ሰው ምስል አለበት። የመንደሩ ሰዎች ግን ቫኖራ የተባለችው የንጉሥ አርተር ሚስት በአውሬ ተበልታ የሞተችበት ታሪክ ነው ሲሉ ኖሩ። ምስሉ በመጽሐፍ ቅዱስ የተነገረው የነቢዩ ዳንኤል ታሪክ ነው። የጠራቢው ሕዝብ ቋንቋ ጠፍቶ ስለ ነበር በተረት የታወቀው ትልቁ ስም ቦታውን ያዘ። ለሶዶ ገበሬ ግራኝ የሆነው ለሜግል ገበሬ የአርተር ሚስት ሆነ።

ከዚህ የሚጠቅመን የስኮትላንድ ምሁራን የተከተሉት መንገድ ነው። አለንና አንደርሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1903 ባሳተሙት መጽሐፍ በአገሩ የሚገኘውን ድንጋይ ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝረውና ሥዕሉን አስፍረው በ3 ክፍል ለዩት። የመጀመሪያው ባልተጠረበ ድንጋይ ላይ ምልክት ብቻ ያለበት ነው፤ ሁለተኛው በተጠረበ ድንጋይ ላይ ምልክትና መስቀል ያሉበት ነው፤ ሦስተኛው መስቀል ብቻ ያለበት ነው። በዚህ አከፋፈል ላይ ኋላ ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ ነገር ግን ክርክሩ ራሱ ሊነሣ የቻለው አስቀድሞ ዝርዝሩ ስለ ተሠራ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ከምልክቶቹ አንዳንዶቹ እስከ 3ኛውና 4ኛው መቶ ዓመት የሚደርስ ዕድሜ እንዳላቸው አመልክቷል።

ትርጕሙን በተመለከተ ብዙ ሐሳብ ቀርቧል። ዛሬ ብዙ ደጋፊ ያለው ምልክቶቹ በተለይ ጥንድ ሲሆኑ የሰው ስም ያመለክታሉ የሚለው ነው። ይህ ሐሳብ የመጣው አንድን ምልክት ለብቻው አፍጥጦ በማየት አይደለም። ምልክቶቹ ስንት እንደ ሆኑ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድና የት እንደሚቆም በመቍጠር ነው።

5ኛ፤ ከራሳችን አገር የሚገኝ ማነጻጸሪያ

ምልክት እንዴት እንደሚተረጐም የሚያስተምር ምሳሌ ለመፈለግ ስኮትላንድ ድረስ መሄድ ብቻ አያሻም። በዛሬዪቱ ኤርትራ በሰንዓፈ አጠገብ በመጠራ አንድ የታወቀ ሐውልት አለ። ከራሱ ላይ ግማሽ ጨረቃና ክብ ተቀርጾበታል፤ ከዚያ በታች በግዕዝ፣ ገና አናባቢ ባልተጨመረበት ፊደል የተጻፈ ቃል አለ። ቃሉም አግዝ የተባለ ሰው ለአባቶቹ ያቆመው ሐውልት መሆኑን ይናገራል። እዚህ ምልክትና ፊደል በአንድ ድንጋይ ላይ ተገናኝተዋል።

ይኸው ግማሽ ጨረቃና ክብ በአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ላይም ነበረ። ዐፄ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ሲቀበሉ ምልክቱ ከገንዘቡ ላይ ተነሥቶ በፋንታው መስቀል ገባ። ጨረቃውና ክቡ የቀድሞው ሃይማኖት ምልክት መሆኑ ግልጽ ሆኖ የሚታየን መስቀል ስለ ተተካበት ነው። አንድ ምልክት ብቻውን ሲታይ ዝም ይላል፤ ከርሱ በፊት የነበረውና ከርሱ በኋላ የመጣው ሲታወቅ ግን ይናገራል።

ሦስተኛው ምሳሌ ገና በሕይወት ያለ ነው። የኮንሶ ሰዎች ለከበረ ሰው መታሰቢያ ዋካ የሚባል የእንጨት ምስል ይቀርጻሉ። ጠላት የገደለ ወይም አስፈሪ አውሬ የጣለ ጀግና ሲሞት በመካከል ይቆማል፤ ሚስቶቹ በአጠገቡ ይሆናሉ፤ የገደለው ጠላትና አውሬም በምስል አብረው ይቆማሉ። በመንደሩ ውስጥ ደግሞ የትውልድ መሪነት ሲተላለፍ ትክል ድንጋይ ይቆማል። የኮንሶ ምድር በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚህና በእርከኑ ነው።

በኮንሶ ምስሉን የሚተረጕመው ሰው በምስሉ አጠገብ ይኖራል። ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንዳስቀረጸው፣ ጐኑ የቆመችው ማን እንደ ሆነች ይናገራል። ነገር ግን ብዙ ዋካ ከቦታው እየተሰረቀ ለውጭ ገበያ ተሽጧል። ከመቃብሩ የተነቀለ ዋካ በሩቅ አገር ሰው ቤት ሲቆም የተጠረበ እንጨት ብቻ ይሆናል፤ የሰውዬው ስም፣ የሚስቶቹ ተራ፣ የገድሉ ቍጥር ሁሉ በኮንሶ ይቀራል። ስለዚህ ትርጕም በምልክቱ ላይ ብቻ የተቀረጸ አይደለም፤ ከቦታውና ከሰዎቹ ጋር የተያያዘ ነው።

6ኛ፤ ስለ ሶዶ ምልክቶች ምን ማለት ይቻላል

ከነዚህ ምሳሌዎች በመነሣት ስለ ሶዶ ድንጋዮች ልንናገር የምንችለውን በ3 ደረጃ ከፍለን እናቀርባለን።

በመጀመሪያው ደረጃ የተረጋገጠ ነገር አለ። ድንጋዮቹ የቆሙት በመቃብር ላይ ነው፤ ስለዚህ ምልክቶቹ ከሙታን ክብር ጋር የተያያዙ ናቸው። ዘመናቸው ከ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት በፊት ነው፤ ስለዚህ የአገሩ የጥንት ነዋሪዎች ሥራ ናቸው።

በሁለተኛው ደረጃ ከመደጋገሙ የምንረዳው ነገር አለ። አንድ ዓይነት ሰይፍ፣ አንድ ዓይነት ክብና አንድ ዓይነት ባለ ቅርንጫፍ ምልክት በብዙ መንደር ሲደጋገም ጠራቢው ከልቡ አመንጭቶ የሣላቸው አይደሉም ማለት ነው። የሚያየው ሰው እንደሚረዳው ያውቅ ነበር። ጠራቢውና ተመልካቹ በምልክቶቹ ትርጕም ተስማምተው ነበር፤ ይህም ስምምነት ከአንድ መንደር አልፎ በሰፊ አገር ላይ የተዘረጋ ነበር። ፊደል ባይኖራቸውም የጋራ የሆነ የመታሰቢያ ሥርዓት ነበራቸው። ድንጋዩን ፈልፍሎ፣ አጓጕዞና ጠርቦ ለማቆም የብዙ ሰው ጕልበት ስለሚጠይቅም ከኋላው የተደራጀ ማኅበር እንደ ነበረ ያሳያል።

በሦስተኛው ደረጃ ግምት አለ። ጐብኚ ሁሉ በቲያ የሚሰማው የሰይፎቹ ቍጥር ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ቍጥር ያመለክታል የሚለው ነው። የኮንሶ ልማድ ይህ ሊሆን የሚችል ነገር መሆኑን ያሳያል፤ በአገራችን ገዳይን በምልክት ማክበር የታወቀ ነውና። ነገር ግን ሊሆን ይችላል ማለት ሆኗል ማለት አይደለም። ሰይፍ የማዕርግ ወይም የወገን ምልክት ሊሆንም ይችላል፤ የፒክቶች ጥንድ ምልክቶች ስም ናቸው የሚለው ሐሳብ ይህን እንድናስብ ያደርገናል። ባለ ቅርንጫፉ ምልክት እንሰት ነው የሚሉ አሉ፤ እንሰት የአገሩ ምግብ ስለ ሆነ ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ደስ ማሰኘቱ ግን ማስረጃ አይሆነውም።

በነዚህ ግምቶች መካከል የሚፈርደው ቆጠራ ነው። ብዙ ሰይፍ ያለበት ድንጋይ ሥር የተቀበረው ሰው አንድ ሰይፍ ካለበት ድንጋይ ሥር ከተቀበረው በምን ይለያል? ክቡ ከሰይፉ ጋር የሚሄደው ሁልጊዜ ነው ወይስ አልፎ አልፎ? ባለ ቅርንጫፉ ምልክት ያለ ሰይፍ የሚቆምበት ስፍራ አለ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው በ160ው ስፍራ የቆመውና የወደቀው ድንጋይ ሁሉ፣ ከነምልክቱ፣ ከነአቅጣጫውና ከነመቃብሩ በአንድ መዝገብ ጐን ለጐን ሲነጻጸር ነው። አለንና አንደርሰን በ1903 ለስኮትላንድ የሠሩት ይህን ዓይነቱን መዝገብ ነበር።

7ኛ፤ ተናጋሪው ሳይነሣ

በመጨረሻ ይህ ጥናት ለዛሬው ተማሪ የሚያሳስበው ነገር ስላለ ወደ ስሜን እንመለስ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ በ2016፣ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የጊች ሰዎች፣ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፣ መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ዋልያውና ሣሩ ዕረፍት አገኙ፤ ይህ የራሱ ጥቅም አለው። ነገር ግን ብዙ ትውልድ የኖረበት መንደር ሲነሣ መቃብሩ አብሮ አይነሣም። የእርሻው ወሰን፣ የውሃው መውረጃ፣ የገደሉ ስም፣ ማን የት እንደ ተቀበረ፣ ይህ ሁሉ በሰዎቹ አእምሮ ተይዞ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ በከተማ የሚወለደው ልጅ ግን አያየውም።

ከ100 ወይም ከ200 ዓመት በኋላ በጊች ሜዳ ላይ የሚያልፍ መንገደኛ በሣር ውስጥ የድንጋይ ክምር ያገኛል። ማን እንደ ከመረው የሚነግረው ሰው ከሌለ በዘመኑ የታወቀውን ትልቅ ስም ይሰጠዋል። በሶዶ የሆነው ይኸው ነው፤ በሜግልም የሆነው ይኸው ነው።

ልዩነቱ በጊች ጉዳይ ገና ጊዜ መኖሩ ነው። የጊች ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዛሬ በደባርቅ ይኖራሉ። የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊጠይቃቸው ይችላል፤ ከወጡ ሰዎች ጋርም ወደ ሜዳው ተመልሶ እያንዳንዱ ስፍራ ስሙ ማን እንደ ነበረ በካርታ ላይ ሊያሰፍር ይችላል። የሶዶው ተማሪም እንዲሁ «የግራኝ ድንጋይ» የሚለውን ታሪክ ከማን እንደ ሰማ፣ ተናጋሪው ከየት እንደ መጣ፣ ከዚያ ስም ሌላ የሚያውቀው ስም እንዳለ መዝግቦ ማኖር ይችላል። ለዚህ ሥራ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና የሽማግሌን ቃል ሳያቋርጡ መስማት ነው።

ባጭሩ ለማለት ያሰብነው ይህ ነው። የሶዶ ትክል ድንጋዮች የአገሩ የጥንት ሰዎች ለሙታናቸው ያቆሟቸው፣ በጋራ ስምምነት የተቀረጹ መታሰቢያዎች ናቸው። ቃላቸው የጠፋው ጠራቢዎቹ መናገር ስላልቻሉ አይደለም፤ የሚያስታውሳቸው ሰው ከአጠገባቸው ስለ ተለየ ነው። የጠፋው ትርጓሜ በጥንቃቄ በተሠራ መዝገብ በከፊል ሊመለስ ይችላል፤ ያልጠፋው ግን ዛሬ በቀላሉ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ አንዱን በቁፋሮና በቆጠራ፣ ሌላውን በጥያቄና በጽሕፈት የሚይዙ ተማሪዎች ከመካከላችን እንዲነሡ እንመኛለን። ሥራው ከደባርቅ ቢጀመር ደግሞ መልካም ነው፤ በዚያ ያሉት ምስክሮች ሰዎች ናቸውና እንደ ድንጋይ ቆመው አይጠብቁንም።